እውነቱን በነጻ ለነገሩኝ እትዬ

ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩት ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። ዛሬ ከሥራ ገብቼ ቡናዬን አፈላሁና በቃ፣ እንደመጣ ይውጣ ብዬ ተቀመጥኩ።

በነርስነት የተመረቅኩት ጎንደር ነው። አውስትራሊያ ከመጣሁ በኋላ ግን አራት ዓመት ሜልበርን ውስጥ አረጋውያንን ስንከባከብ ኖርኩ። ሥራውን አልንቅም፣ እንጀራዬ ነበር። ግን ዲግሪ ይዞ "ነርስ ነኝ" ማለት አለመቻልን የደረሰበት ያውቀዋል።

በዚያ ሰሞን አንድ ኤጀንት ተገኘ። የአገራችን ሰው ነው፣ ስሙ ይቅር። "ለነርስነቱ ፈተና ምን አለፋሽ? አቋራጭ አለ" አለኝ። የአቦርጂናል፣ ማለትም የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ፣ ጤና ባለሙያ የሚባል ሙያ አለ፣ ሰርተፍኬት ፎር የሚባለውን የሙያ ትምህርት ተምረሽ ትመዘገቢያለሽ፣ በረሃው ውስጥ ሠራተኛ አጥተው እየለመኑ ነው፣ ወዘተ። 2,400 ዶላር "ለማስጀመሪያ" ቆጥሬ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ስደውል ስብሰባ ላይ ነው፣ ስሄድ ምሳ ወጥቷል። ከሦስት ወር በኋላ ፎርም ላከልኝ። ፎርሙ ላይ አቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ነሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ይሄን ምን ልበል ብዬ ብጠይቀው "ዝም ብለሽ እለፊው" አለኝ። እግዜር ይይለት!

ሌላ ቦታ ደግሞ የባህል ስልጠና ብለው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡኝ። ኔክስት፣ ኔክስት እያልኩ በ35 ደቂቃ ጨረስኩ። የአቦርጂናልን ባህል እንደማውቅ የሚመሰክር ወረቀትም ወጣልኝ። አንድም የአቦርጂናል ሰው በስሙ ሳላውቅ!

ወረቀቶቼን ሸክፌ ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ኖርዘርን ቴሪቶሪ በሚባለው ክልል በረሃ ውስጥ ወዳለችው ከተማ፣ አሊስ ስፕሪንግስ ሄድኩ። እትዬን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። ከተማው ሁሉ "አንቲ" ይላቸዋል። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ ለምደውታል። የተመዘገቡ የአቦርጂናል ጤና ባለሙያ ናቸው፣ አዛውንቶቹን ሊያዩ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ያንን ፎርም አሳየኋቸው።

አነበቡት። አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡኝም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሳላውቅም ቢሆን የሕዝባቸውን ቦታ ልወስድ የመጣሁ ሰው ነኝ እኮ። ሻይ ቀዱልኝ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ይሄ የኛ ነው። ያንቺ ነርስነት ነው። የራስሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። አለቀ። 2,400 ዶላር ከፍዬ ያላገኘሁትን እውነት በአንድ ስኒ ሻይ።

ለካ በዚህ ሙያ ለመመዝገብ ተወላጅ መሆን ግድ ነው። እኛ ሀበሾች ብንማረውም አንመዘገብበትም፣ ሳይመዘገቡ በስሙ መጠራትም በሕግ ክልክል ነው። እትዬ ስለ ምዝገባው ሲያወሩ ወገባቸው ቀጥ ይላል። ኖርዘርን ቴሪቶሪ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ይመዘገቡ ነበር። ከጁላይ 2012 ወዲህ ደግሞ በመላው አገር እንደ ሐኪሙና እንደ ነርሱ የራሳቸው ቦርድ አላቸው። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው አስተርጓሚ መስለውኝ ነበር። አፈርኩ። የኛን አገር ጤና ኤክስቴንሽን አስቡት። ከዚያው ቀበሌ የወጣች ልጅ የምትመረጠው በሩን ማን እንደሚከፍትላት ስለምታውቅ አይደል?

ከዚያ ፈተናዬን ጀመርኩ። የጤና ባለሙያዎችን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ አፕራ፣ ወረቀቴን በምን እንደመዘነው አትጠይቁኝ፣ ዛሬም አልገባኝም። የኮምፒውተሩን ፈተና አለፍኩ፣ የተግባሩን አዴሌድ ሄጄ ተፈተንኩ። እትዬ በየሳምንቱ አርብ ይደውላሉ። "አነበብሽ?" ብቻ ነው የሚሉት። ባላነበብኩ ቀን ስልኩን ማንሳት እፈራ ነበር።

ነርስ ሆኜ ክሊኒካቸው ስገባ ደግሞ ስልጠናው ገና መጀመሩ ነበር። አንድ ጠዋት ዝርዝሩን ይዤ በር ላይ ቆምኩና የአንዲት ወጣት ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት አሮጊት ፊታቸውን አዞሩ። ሦስት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ለካ በዚያ ሳምንት ሞክሼዋ አርፋለች። የሞተ ሰው ስም አይጠራም። በሕይወት ያለችውም ለጊዜው "ኩማንጃይ" ነው የምትባለው።

እትዬ ዝርዝሩን ከእጄ ወሰዱ። በሰው ፊት አንድ ቃል አልተናገሩኝም። የወጡትን ተከትለው ዛፉ ሥር ሄዱ። ምን እንዳሏቸው አላውቅም፣ ቋንቋቸውን አልሰማም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ሁሉንም ይዘው ተመለሱ። ማታ ብቻችንን ስንሆን "ባገርሽ ለቅሶ የለም?" አሉኝ።

አለ እንጂ! ጎረቤት ሞቶ ማን ነው ሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚሄደው? እኔ ግን ያን ሳምንት ሙሉ "እነዚህ ሰዎች ቀጠሮ አያከብሩም" እያልኩ ስነጫነጭ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ አለቀስኩ።

መርፌውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በቶንሲል የሚመጣውን የልብ ሕመም እኛም አገር እናውቀዋለን፣ እዚያም የብዙ ልጆች ስቃይ ነው። በየ28 ቀኑ የሚወጋው ፔኒሲሊን ወፍራም ነው፣ ያማል። እትዬ መድኃኒቱን እጃቸው ውስጥ ያሞቁታል፣ ቦታውን በአውራ ጣት ጫን ይሉታል፣ ከዚያ ቀስ፣ በጣም ቀስ ብለው ይወጋሉ፣ ልጁን ስለ እግር ኳስ እያስወሩ። ልጁ በሚቀጥለው ወር ራሱ ይመጣል። እኔ የወጋሁት ልጅ ግን መጀመሪያ ሰሞን አጥር ዘሎ ጠፍቶብኛል።

እባካችሁ ሜልበርንም ፐርዝም ያላችሁ ነርሶች፣ ወደዚያ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ የአገሬው የጤና ባለሙያዎች የሚያሰለጥኑበትን ቦታ ጠይቃችሁ ግቡ። በኮምፒውተር የሚሰጠውን ወረቀት አትመኑ። አቋራጭ ለሚላችሁ ሰው ሳንቲም አትስጡ። የአፕራ መዝገብ ድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ በነጻ ታያላችሁ። አሊስ ስፕሪንግስ ከደረሳችሁ "አንቲ የት አሉ?" በሉ። አንቲ ብዙ ናቸው፣ የኔዋ ግን ሻይ ቀድተው ዝም የሚሉት ናቸው።

የእህታቸው ልጅ አሁን ያንን ሰርተፍኬት ፎር እየተማረች ነው፣ እሷ የምትመዘገብበትን። አርብ አርብ የምደውልላት እኔ ነኝ።

እትዬ አማርኛ አያነቡም። ነገ ይህንን እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ። "ብዙ አወራሽ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ።