የረስት ኮምፓይለር ሪቪወሮችን ላመስግን፣ ኦፕን ሶርስ መጀመር ለምትፈልጉም ልጠቁም

ሰላም ናችሁ ጓዶች፣ ብዙ ጊዜ የምስጋና ፖስት የምናየው ጎበዝ የቧንቧ ሰራተኛ ወይ ላፕቶፕ የሚጠግን ልጅ ሲገኝ ነው፣ እኔ ዛሬ የማመሰግነው ግን በአካል አይቻቸው የማላውቅ፣ ለስራቸውም አምስት ሳንቲም ያልከፈልኳቸውን ሰዎች ነው። የረስት ፕሮግራሚንግ ላንጉጅ ኮምፓይለር (የጻፍነውን ኮድ ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረው) ላይ ከየአለሙ የሚላከውን ኮድ የሚያዩት ሪቪወሮች፣ በተለይ ደሞ የኔን ፑል ሪኩዌስት (ይሄን ማስተካከያ ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) የያዙት ሰው። ወንድ ይሁኑ ሴት አላውቅም፣ ፕሮፋይላቸው ላይ ያለው የድመት ፎቶ ነው፣ ስለዚህ አንቱ እያልኩ ልቀጥል፣ ይገባቸዋልም።

ለማታውቁት፣ ረስት ግሬይደን ሆር የሚባል የሞዚላ ሰራተኛ እንደ ፈረንጆቹ በ2006 በግሉ የጀመረው ቋንቋ ነው፣ 1.0 ሆኖ የወጣው ደሞ በ2015። ኮዱ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረገጽ) ላይ ክፍት ነው፣ ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይሄ ነው፣ ማንም ሰው ማስተካከያ መላክ ይችላል ይባላል፣ እኔ ግን «ማንም ሰው» ሲባል እኔንም የሚጨምር አይመስለኝም ነበር፣ ኮምፓይለር የሚነካ ሰው ቢያንስ ፒኤችዲ ያለው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

የኔ ማስተካከያ ትንሽዬ ናት። ረስት ኮዳችሁ ላይ ስህተት ሲያገኝ ዝም ብሎ አይጮህባችሁም፣ ከስር «እንዲህ ብታደርገውስ» ብሎ ይጠቁማል፣ ብዙ ሰው የሚወደውም በዚህ ነው። አንዷ ጥቆማ ግን ኮዱ ከማክሮ (ሌላ ኮድ ከሚጽፍ ኮድ) የመጣ ሲሆን የማይሆን ቦታ ላይ ትወድቅ ነበር፣ አምናችሁ ብትቀበሏት ኮዱ ጭራሽ ኮምፓይል ማድረጉን ይተዋል። መፍትሄው አንድ ኢፍ መጨመር ነው፣ ቦታው ከማክሮ የመጣ ከሆነ ጥቆማውን ተወው የሚል፣ በቃ። ይሄ ደሞ «ፍሮም ኤክስፓንሽን» በምትባል ፈንክሽን ነው የሚጠየቀው፣ ኮምፓይለሩ ውስጥ በየቦታው ተጽፏል፣ አይቶ መኮረጅ ነው።

ልክ እንደላክሁት ረስትቦት የሚባል ቦት (በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም) መጥቶ ሰላም ብሎ ሪቪወር መደበልኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያዩታል ወይ ለሌላ ሰው ያስተላልፉታል ብሎም ጻፈ። እኔ እንግዲህ ቀጠሮ ሲባል የለመድኩትን ታውቁታላችሁ። እሳቸው ግን ከተባለው ቀን ቀድመው መጡ!

እና መጥተው ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ መጀመሪያ አመሰገኑኝ፣ ቀጥሎ ቴስት (ማስተካከያው መስራቱን የሚፈትሽ ኮድ) እንድጨምርበት ጠየቁኝ፣ ቴስት ጨምር ብሎ መሄድ ማንም ይችላል፣ እሳቸው ግን የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደሚገባ፣ ተመሳሳይ ቴስት የትኛው እንደሆነ፣ በምን ትእዛዝ እንደሚሮጥ ሁሉ አስቀመጡልኝ። ረስት ላይ እነዚህ ዩአይ ቴስት ይባላሉ፣ ሆን ብላችሁ የተበላሸ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ኮምፓይለሩ የሚያወጣው የስህተት መልእክት ደሞ ከጎኑ በሌላ ፋይል ይቀመጣል፣ ከዛ በኋላ ማንም ሰው ያንን መልእክት በአጋጣሚ ቢቀይረው ቴስቱ ይወድቃል ማለት ነው። ያንን ፋይል በእጅ መጻፍ የለም፣ ቴስቱን «ብለስ» ከሚለው አማራጭ ጋር ስታስኬዱት ራሱ ይጽፈዋል፣ የናንተ ስራ የጻፈውን ማንበብና ልክ መሆኑን ማየት ነው። ሌላው፣ እዛ ፕሮጀክት ላይ የሜርጅ ኮሚት (ሁለት የኮድ ቅጂዎችን የሚያዋህድ ለውጥ) አይፈቀድም፣ ብራንቻችሁ (የናንተ የኮድ ቅጂ) ወደ ኋላ ከቀረ ሪቤዝ ነው የምታደርጉት፣ ማለትም ለውጣችሁን አዲሱ ኮድ ላይ እንደገና መደርደር፣ ሪቤዝ ደሞ ስንቱን እንዳስለቀሰ እናንተም ታውቃላችሁ። እሱንም በየተራው ጻፉልኝ። በመጨረሻ ያው ችግር ያለበት ሌላ ቦታ ጠቁመውኝ፣ ጊዜ ካለኝ በሌላ ፑል ሪኩዌስት እንድሞክረው፣ ከሌለኝ ደሞ ይቺው ብቻዋን እንደምትበቃ ነገሩኝ። ይሄንን ሁሉ ሲጽፉልኝ እኮ ኢፏን ራሳቸው በአንድ ደቂቃ ጨምረው መገላገል ይችሉ ነበር።

ከዛ «አር ፕላስ» ብለው ጻፉ፣ ያ ማለት አጽድቄያለሁ ነው። እዛ ሰፈር ማንም ተነስቶ ሜርጅ የሚለውን በተን አይጫንም፣ ቦርስ የሚባል ቦት ኮዱን በብዙ ፕላትፎርም ላይ ሙሉ ቴስት ያስኬድና ሁሉም ካለፈ ብቻ ያስገባል፣ የመጀመሪያውን ቦርስ የጻፈው ያው ግሬይደን ሆር ነው። ቴስቱ ሰአታት ስለሚፈጅ እንደኔ አይነት ትንንሽ ማስተካከያዎች ለየብቻ አይሄዱም፣ ልክ ታክሲ እስኪሞላ እንደሚጠበቀው ሌሎች እስኪመጡ ይጠበቅና ሮልአፕ ተብለው አንድ ላይ ይገባሉ። የገባው ነገር በናይትሊ (በየቀኑ በሚወጣው የሙከራ) ቨርዥን ወዲያው ይወጣል፣ ከዛ ቤታ፣ ከዛ ስቴብል (ለሁሉም የሚሆነው የተረጋጋ)፣ ስቴብሉ በየ6 ሳምንቱ ስለሆነ ብዙም አትጠብቁም። እያንዳንዱ ቨርዥን ሲወጣ የተሳተፈው ሰው ሁሉ ስም የሚዘረዘርበት የምስጋና ገጽ አለ፣ ኮምፓይለሩን ለአመታት የሰራውም አንድ መስመር ያስተካከለውም አብረው ይጻፋሉ። የአባቴ ስም እዛ ላይ ሲወጣ ስክሪንሹት ልኬላቸዋለሁ፣ ምን እንደሆነ አልገባቸውም ግን ለጎረቤት ሁሉ አሳይተዋል 😄

እስቲ ወደ ጥቆማው ልግባ። መጀመር የምትፈልጉ ጊትሀባቸው ላይ «ኢ ኢዚ» እና «ኢ ሜንተር» የሚሉትን ሌብሎች ፈልጉ፣ ሁለተኛው የሚረዳችሁ ሰው አለ ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ ነው የሚያዙት፣ ያገኛችሁት ላይ ለረስትቦት «ክሌይም» ብላችሁ ጻፉ፣ በስማችሁ ይይዝላችኋል። የኮምፓይለሩ መመሪያ መጽሀፍ ኦንላይን በነጻ አለ፣ ሁሉንም አታንብቡ፣ ስለ ቢልድ (ኮምፓይለሩን ከኮዱ መገንባት) እና ስለ ቴስት የሚለው ይበቃል ለመጀመሪያ። የጨነቃችሁን ደሞ ዙሊፕ (የሚወያዩበት የቻት መድረክ) ላይ የኮምፓይለር እርዳታ ቻናል ውስጥ ጠይቁ፣ ሞኝ ጥያቄ ብሎ የሚያበሽቅ ሰው አልገጠመኝም።

ላፕቶፕ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መመሪያው ራሱ 8 ጂቢ ራምና 30 ጂቢ ባዶ ቦታ ያዘጋጁ ይላል፣ ቀልድ አይደለም። ኔታችሁ ደካማ ከሆነ ሙሉ ሂስትሪውን አታውርዱ፣ «ዴፕዝ» የሚለውን ጨምራችሁ ክሎን አድርጉ (ኮዱን ወደ ላፕቶፓችሁ ቅዱ)። ሴታፕ ሲጠይቃችሁ «ኮምፓይለር» የሚለውን ፕሮፋይል ምረጡ፣ ኤልኤልቪኤምን (ኮምፓይለሩ የማሽን ኮድ የሚያወጣበትን ትልቅ ፕሮጀክት) እናንተ ቤት ከመገንባት ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ያወርድላችኋል፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ሰአት ያተርፋል፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ለሚሰራ ሰው ደሞ ትልቅ ነገር ነው። በየለውጡ ቢልድ አታድርጉ፣ መጀመሪያ «ቼክ» በሉት፣ ሙሉ ሳይገነባ ስህተት ካለ ይፈትሻል።

አንድ ነገር አደራ፣ ለቲሸርት ብላችሁ አትላኩ። በ2020 ሀክቶበርፌስት በሚባል፣ ኦክቶበር ላይ ኦፕን ሶርስን ያገዘ ሰው ቲሸርት በሚያገኝበት ዝግጅት ላይ ሰው ቲሸርት ለማግኘት ብሎ የማይረባ ፑል ሪኩዌስት ሲያጎርፍ ሜንቴነሮቹ (ፕሮጀክቶቹን የሚያስተዳድሩት) ተማረው፣ አዘጋጆቹ ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር አድርገው ህጉን መቀየር ነበረባቸው። የረስት ሪቪወሮችም ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚሰሩት፣ ሁለት ሳምንት አልፎ መልስ ካልመጣ በጨዋ ደንብ ማስታወስ ይቻላል፣ ከዛ በፊት ግን ታገሱ።

በነገራችን ላይ ከ1.53 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021፣ ረስት ውስጥ የቫሪያብል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ «ድምር» ብላችሁ ሞክሩት ይሰራል። ለስራ አልመክርም ግን ለታናናሾቻችሁ ስታስተምሩ ደስ ይላል።

ላፕቶፔ አይችልም የምትሉ ክሊፒን እዩ። የረስት ኮድን እየገመገመ ምክር የሚሰጥ ቱል ነው፣ ለብቻው ሪፖ አለው፣ እሱን ለመስራት ሙሉ ኮምፓይለሩን ቢልድ ማድረግ አያስፈልግም፣ የተዘጋጀ ናይትሊ አውርዶ ይሰራል። እዛም ለጀማሪ ተብሎ ሌብል የተደረገ ስራ አለ። እንግሊዝኛዬ የምትሉም አትፍሩ፣ ሪቪወሮቹም ከየሀገሩ ናቸው፣ አጭር አረፍተ ነገርና አንድ የሚሮጥ ምሳሌ ካስቀመጣችሁ ይገባቸዋል። ሴታፕ ላይ የተቸገረ ከስር ይጻፍልኝ፣ ዊንዶውስ ላይ ግን አልሞከርኩትም፣ የሞከራችሁ ካላችሁ እናንተ መልሱላቸው።