«ሰማያዊው ዋሻ» የሚል የካፕሪ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ወገኖች፣ ጣሊያን የምትኖሩም ሆናችሁ ለእረፍት የምትመጡ፣ ከሮም፣ ከናፖሊ ወይም ከሶሬንቶ ተነስቶ ካፕሪ ደሴትን የሚያስጎበኝ ፓኬጅ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ማስታወቂያው ላይ «የሰማያዊው ዋሻ ጉብኝት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ዋሻው በደሴቲቱ ዳርቻ ያለ፣ ባሕር የገባበትና ውሃው ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አብዛኛው እንዲህ ያለ ትኬት የሚያደርሳችሁ እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ብቻ ነው። መግባት ከፈለጋችሁ ሌላ ሂሳብ አለ፤ እሱን የምትሰሙት ደግሞ ባሕሩ መሀል ከደረሳችሁ በኋላ ነው።

ክፍያው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ሞሎ ቤቬሬሎ ከሚባለው የናፖሊ ወደብ ወደ ካፕሪ ወደብ፣ ወደ ማሪና ግራንዴ፣ የሚወስደው ፈጣን ጀልባ ነው፤ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛው ከማሪና ግራንዴ እስከ ዋሻው ደጃፍ የሚሄደው የሞተር ጀልባ ነው። ይሄ ጀልባ በዋሻው በር አያልፍም። ስለዚህ እዚያው ውሃ ላይ ወደ ትንሽ የቀዘፋ ጀልባ ትዛወራላችሁ፤ ለጀልባዋና ለመግቢያው ተደምሮ፣ እዚያው በሚንሳፈፍ ትኬት ቤት፣ በቅርብ ዓመታት ዋጋ 18 ዩሮ ገደማ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። ሦስተኛው ይህ ነው፤ ፓኬጁ የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። አራት አዋቂ ሆናችሁ ከሄዳችሁ 72 ዩሮ ሳታስቡት ወጣ ማለት ነው። ውስጥ የምትቆዩት አምስት ደቂቃ ያህል ነው።

ትኬቱን ስታነቡ ከላይ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ ተዉትና «ያልተካተተ» የሚለው ስር ውረዱ። ጣሊያንኛ ከሆነ «ባርካ አ ሬሚ» የሚል ፈልጉ፤ የቀዘፋ ጀልባዋ ናት። ከተካተቱት ዝርዝር ውስጥ ካልተጠቀሰች አልተከፈለላችሁም። ማስታወቂያው ዋሻው ውስጥ ሰው ሲዋኝ የሚያሳይ ፎቶ ከለጠፈ ደግሞ ሻጩን አትመኑት፤ እዚያ ውስጥ መዋኘት ክልክል ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ዋሻው ሲዘጋ ነው። በሩ ወርዱ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ከውሃው በላይ ያለው ከፍታ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀዛፊው ሁላችሁንም ጀልባዋ ወለል ላይ ያስተኛችኋል፤ መቅዘፊያውን ሰብስቦ ግድግዳው ላይ የታሰረውን ሰንሰለት ይይዝና ሞገዱ ዝቅ እስኪል ይጠብቃል። ዝቅ ሲል እሱም ወደ ኋላ ተንጋሎ በአንድ ጉተታ ያስገባችኋል። ሞገዱ ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ የሚቀረው ክፍተት ለሰው ራስ አይበቃም። ስለዚህ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ማኤስትራሌ የሚሉት ነፋስ ሲነሳ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እየጠበሰችም ቢሆን፣ ይዘጋል። ጠዋት ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፤ በአውሮፓ የብርድ ወራትማ ክፍት ማግኘት ዕድል ነው። ፓኬጁ ላይ በደቃቅ ፊደል «እንደ ባሕሩ ሁኔታ» ተብሎ ስለሚጻፍ ገንዘባችሁን ውሃ በላው። በምትኩ ፋራሊዮኒ የሚባሉትን ቋጥኞች ዞራችሁ እንድታዩ ይደረጋል። ቋጥኞቹ ያምራሉ፣ አይካድም፤ ግን የተሸጠላችሁ እነሱ አይደሉም።

ከሮም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚባለውን በተለይ አልመክርም። ካፕሪ ስትደርሱ ረፋዱ ያልፋል፤ ዋሻው ጋ የምትሰለፉት ከቀትር እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ብርሃኑ የሚያምረው በዚያ ሰዓት መሆኑ እውነት ነው፤ ፀሐይ ከበሩ በታች ውሃ ውስጥ ባለው ሰፊ ቀዳዳ ትገባና ውሃው ቀዩን ብርሃን ውጦ ሰማያዊውን ያስቀራል። ግን ሁሉም የሚመጣው ያኔ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሞተሩ እየጨሰ፣ ጀልባው እየተወዛወዘ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ሆዱ የሚረበሽ ሰው ዋሻው ሳይደርስ ያስመልሰዋል።

የሚሻለው እንዲህ ነው። የፈጣን ጀልባውን ትኬት ብቻ ለብቻ ቁረጡ። ማሪና ግራንዴ እንደወረዳችሁ ዋሻው ክፍት መሆኑን የጀልባ ትኬት መሸጫዎቹ ጋ ጠይቁ። ከዚያ በአውቶቡስ አናካፕሪ ወደምትባለው የደሴቲቱ ላይኛ ከተማ ውጡ፤ ከአናካፕሪ ሌላ አውቶቡስ «ግሮታ አዙራ» (የሰማያዊው ዋሻ የጣሊያንኛ ስሙ) ድረስ ይሄዳል፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ፌርማታው ከገደሉ አናት ነው፤ ደረጃውን ወርዳችሁ ያቺኑ የቀዘፋ ጀልባ ከታች ትሳፈራላችሁ። የሞተር ጀልባው ሂሳብ ቀረላችሁ፣ ወረፋውም በደረቅ መሬት ነው፤ ከተዘጋም የምትከስሩት የአውቶቡሱን ጥቂት ዩሮ ነው። ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ዝርዝር፣ ያዙ።

ቀዛፊው ውስጥ ይዘፍንላችኋል፤ ሊወጣ ሲል ቲፕ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ጠንከር አድርጎ። የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ልትሰጡ ካሰባችሁ ግን ከመግባታችሁ በፊት አንድ ተጨማሪ ዙር እንዲያዞራችሁ ተስማሙ።

ማልታ ላይም «ሰማያዊ ዋሻ» የሚባል አለ፣ ክሮኤሺያ ቢሼቮ ደሴት ላይም እንዲሁ። የማልታው ሰፊ ስለሆነ የተነሳችሁበት ጀልባ ራሱ ይገባል፤ እዚያ የሄደ ሰው የሚነግራችሁን ዋጋ ለካፕሪ አታድርጉት።

ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡበት። ከሚናወጥ ጀልባ ወደ ሚናወጥ ጀልባ መሻገር አለ፤ እርጥብ ወለል ላይ ጀርባን ጥሎ መተኛት አለ። ቦታው ላይ ደርሶ «እኔስ ይቅርብኝ» ያለ ሰው እዚያው የሞተር ጀልባው ላይ ይጠብቃል፤ የጉብኝቱ ሂሳብም አይቀነስለትም።