ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው ላስረዱኝ ሐኪም፣ እግዜር ይስጥልኝ

ዛሬ በአደባባይ የማመሰግናቸው አንዲት የማህፀንና ፅንስ ሐኪም አሉ። ስማቸው እዚህ እንዲጻፍ አልፈለጉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

በመጀመሪያው አልትራሳውንድ ግራ ኦቫሪዬ (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) ላይ እጢ ታየ። እርጉዝ ሆኖ "እጢ" መባል እንዴት ሆድን ባር ባር እንደሚያሰኝ የደረሰባት ታውቀዋለች። ሌላ ቦታ ወረቀቱን ብቻ ሰጥተው ነው የሸኙኝ። እሳቸው ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት።

በእርግዝና መጀመሪያ ኦቫሪ ላይ የሚታየው አብዛኛው እጢ፣ እንቁላል ከወጣበት ቦታ ላይ የሚፈጠር ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው አሉኝ። የእንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ እርግዝናውን የሚደግፈው ሆርሞን የሚመነጨው ከዚያው ቦታ ነው። ብዙውን ጊዜ እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ በራሱ ይጠፋል።

የእኔ ግን ከዚህ ይለያል። ጥቁሩ ውስጥ ቦግ ያለ ነጭ ነገርና እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች ነበሩ። በጠቋሚው አንድ በአንድ እያሳዩኝ፣ "ይሄ ቅባት ነው፤ እነዚህ መስመሮች ፀጉር ናቸው" አሉኝ። ደርሞይድ ይባላል፤ ካንሰር አይደለም። ቢሆንም ዝም ብለው አላለፉትም። የደም ፍሰቱን በዶፕለር አዩ፣ እጢውን ለኩት፣ ቀጠሮ ሰጡኝ። ነፍሴ መለስ ያለችው ያኔ ነው።

እህቴ "የካንሰር የደም ምርመራ ለምን አላዘዙም?" እያለች ስትወተውተኝ ጠየቅኳቸው። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ቁጥር በእርግዝና ምክንያት ብቻ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ከፍ ሊል ይችላል። "ቁጥሩ በከንቱ ያስጨንቅሻል" አሉኝ። አላስፈላጊ ምርመራ የማያዝ ሐኪም ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርገው ነገሩኝ። በአንድ ጎን ድንገት ኃይለኛ ሕመም ከያዘኝ፣ በተለይ ካስመለሰኝ፣ ኦቫሪው ተጠማዞ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብኝ። ይህንን ለባለቤቴም ደግመው አስረዱት።

እጢው እስካሁን አልጠፋም፣ አላደገምም። ከወለድኩ በኋላ እንደገና ይታያል። ወደ እሳቸው የምትሄዱ ከእርግዝና በፊት የተነሣችሁት አልትራሳውንድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ እጢው ድሮም የነበረ መሆን አለመሆኑን መጀመሪያ የሚጠይቁት ነገር ነው።