ለኮምቦልቻው ጎሚስታ ምስጋና፣ ለባለ ፒክአፖች ጥቆማ

ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ በሚወጣው መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። «ስሜን ተይውና ስለ ጎማው ጻፊ» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ፊት ለፊት እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ትርፍ ብር ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ፤ በዚህ እንኳ ካልከፈልኩ እዳው አያስተኛኝም።

ሥራዬ ጄኔሬተር ማከራየት ነው። ሰርግ በሉት፣ መውሊድ በሉት፣ መብራት የጠፋበት ወፍጮ ቤት በሉት፣ የተጠራንበት እንሄዳለን። ጄኔሬተሩ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ተቀምጧል፤ ነዳጁ ሲሞላ ከነተሳቢው 2200 ኪሎ ነው። የሚጎትተው ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ ነው፤ ኋላው ላይ ሁለት በርሜል ናፍጣ፣ የገመድ ጥቅልና የመፍቻ ሳጥን አይጠፋም። ሹፌሩ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ጥር 2017 ላይ ባቲ ሰርግ ነበረብን። ደጋንን አልፈን ቁልቁለት ላይ ሳለን የቀኝ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ከድምፁ ይልቅ ያስፈራኝ ተሳቢው ነው፤ ከኋላ እየገፋ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። ወንድሜ ፍሬን አልረገጠም፤ ጥርሱን ነክሶ መሪውን እንደያዘ ቀስ በቀስ አቆማት። ግመል የሚነዱ ልጆች ሮጠው ድንጋይ አምጥተው ከጎማው ስር ወሸቁልን። «አብሽሩ፣ አልፏል» ይሉናል፤ እኔ ወርጄ መቆም አቅቶኝ ነበር። ሰርጉ በሰው ጄኔሬተር ተሠራ፤ ቀብዱን መለስኩ።

የፈነዳው ጎማ የሦስት ወር ግዢ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። የሸጠልኝን ሱቅ ስም አልጠራም። ልጁ «የአምና ምርት ነው» ብሎ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ አሳይቶኛል፣ እኔም በዓይኔ አይቼ ነው የከፈልኩት።

ስኮርታውን ገጥመን እያነከስን ተመለስን። ጋሼ ጋ የላከን መንገድ ላይ የቆመልን የአይሱዙ ሹፌር ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ክሪክ አላመጡም። የፈነዳውን ጎማ አጋድመው ቁጢጥ አሉ፤ ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉና አንድ ቦታ ላይ በጠመኔ ክብ ሠሩ።

«አንብቢልኝ እስቲ ልጄ።»

«1816።»

«ምን ማለት ነው?»

«2016 የተሠራ። አምና።»

«በማን አቆጣጠር?»

ወንድሜ ቀድሞኝ ገባው፤ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ ዓመቱ ደግሞ የፈረንጅ ነው። የ2016 18ኛ ሳምንት፣ በእኛ ሚያዝያ 2008። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዝቻለሁ ማለት ነው። «ፈረንጅ ጎማ ሲሠራ የኛን እንቁጣጣሽ አይጠብቅም» አሉ ጋሼ። የሱቁ ልጅ አታሎኝ ይሁን እሱም እንደኔ ተሳስቶ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እናንተ ግን መጨረሻው 16 ወይም 17 የሚል ጎማ «አዲስ ነው» ከተባላችሁ ስምንት ዓመት ያለፈው ሽማግሌ መሆኑን እወቁ። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ላስቲክ ያረጃል። ጋሼ በጥርሶቹ መሀል ያለውን ቦይ በሁለት አውራ ጣታቸው ከፈት ሲያደርጉት የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ታዩኝ። ከላይ ሲያዩት ግን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ተቀብቶ ይሆናል።

ነገሩ በዕድሜ ብቻ ቢያልቅ እኔ ተበዳይ ሆኜ እቀር ነበር። ጋሼ እጃቸውን ወደ ጎማው ውስጥ ሰደዱና ጭብጥ ሙሉ ጥቁር ዱቄት አወጡ፣ እንደ ተወቀጠ ኑግ።

«ስንት ነው የምትሞሉት?»

«35» አለ ወንድሜ፤ ፒኤስአይ፣ የነፋስ ግፊት መለኪያው ማለቱ ነው። «ወደ ቆላ ስንወርድ እንዲያውም እንቀንሳለን፤ ሙቀቱ ስለሚነፋው።»

ይሄ ዱቄት የጎማው የራሱ ሥጋ ነው። ነፋስ ሲያንሰው ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጣጥፉት እንደሚግለው ይግላል፣ ከውስጥ እየተፋቀ ያልቃል። ቆላ ሲወርዱ ነፋስ መቀነስ ብልሃት ይመስለን ነበር፤ ለካ ሙቀቱን የምናመጣው እኛው ነን። የጋሼ ሕግ አጭር ነው፤ ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ይለካል። ሚሌ በረሃ ሲገባ ቁጥሩ ይወጣል፤ ይውጣ፣ አይነካም።

ስለ ሰውየው ትንሽ ልበል። ሥራውን የጀመሩት ልጅ ሆነው ነው፣ የአሰብ መኪኖች በኮምቦልቻና በባቲ ሲመላለሱ። እስከ 1990 ድረስ ያ መንገድ ሌሊትና ቀን አይተኛም ነበር ይላሉ። ከአንድ ሹፌር የቀዱት ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ አላቸው፤ ቅባት በጠጣ የተማሪ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። 106፣ 950 ኪሎ። 112፣ 1120። 116፣ 1250። 119፣ 1360። 123፣ 1550። ጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጭነት ቁጥር ነው፣ አንዱ ጎማ ብቻውን የሚችለው። አጠገቡ ያለው ፊደል ደግሞ የፍጥነት ነው። እኔ ጎማ ስገዛ የማየው 265/75 አር 16 የሚለውን ብቻ ነበር፤ ልኩ ከገጠመ በቃ።

«ሂዱና አስመዝኑ» አሉን። ተሳቢው እንደተቀጠለ፣ በርሜሉ እንደተሞላ፣ የፒክአፑ የኋላ እግር ብቻ ሚዛኑ ላይ ይውጣ። 2260 ኪሎ መጣ። ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ 1130 መሆኑ ነው። ተሳቢ ክብደቱን ሁሉ በራሱ ጎማ አይሸከምም፤ ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ያርፋል። መንጠቆው ደግሞ ከኋላ እግር ወዲያ ስለሆነ የመኪናዋን ፊት ትንሽ አንስቶ ኋላዋን የበለጠ ይጫናል። የፈነዳው ጎማ 116 ነበር፣ 1250 ኪሎ። በወረቀት ያልፋል። ግን ያ 1250 ጎማው የሚገባውን ነፋስ ሲሞላ የሚገኝ ነው፤ እኛ ደግሞ ወደ ቆላ ስንወርድ ከ35 እየቀነስን ነበር የምንጋልበው።

ጋሼ ጎማ አይሸጡም። የሚያተርፉት የመግጠሚያውን ብቻ ነው፤ እንደኔ እንደኔ ምክራቸውን ያመንኩት በዚህ ነው። ሆኖም ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው ደሴ ድረስ አብረውን ወጡ። ሐረጎን ስንወጣ ከወንድሜ ጋር የጎማ ጥርስ ክርክር ገጠሙ። ወንድሜ ጥርሱ ትልልቅ፣ አፈር የሚቧጥጥ ጎማ ነው የሚመኘው፤ መኪናዋ ታምራለች ይላል። ጋሼ አልወደዱትም። ትልቅ ጥርስ አስፋልት ላይ ይላወሳል፣ ይሞቃል፣ ይጮሃል፣ ቶሎ ይበላል፤ ከኋላ ተሳቢ ሲኖር ደግሞ መላወሱ ወደ ተሳቢው ይተላለፋል። «አንተ ከከሚሴ እስከ ወልድያ አስፋልት ላይ እየዋልክ ለማን ነው ጥርስ የምታሳየው?» አሉት። ወንድሜም ዝም አላለም፣ ክረምት ላይ ወደ ወረኢሉ በኩል ጭቃ ያዘን ብሎ ያለፈውን ዓመት አነሣ። እውነቱን ነው፤ ሦስት ሰዓት ቆመናል። በመጨረሻ ለአስፋልትም ለፒስታም በሚሆነው፣ ጥርሱ መካከለኛ በሆነው ተስማሙ። ሥራችሁ ባብዛኛው ጭቃ ከሆነ የወንድሜን ስሙ።

ደሴ ላይ ሦስት ሱቅ ገብተን ሦስቱንም ጥለን ወጣን። አንዱ ቀኑ ያለፈ፣ አንዱ ቁጥሩ 116፣ አንዱ ደግሞ አራቱም ጎማ የተለያየ ዓመት። አራተኛው ላይ ያንኑ 265/75 አር 16 አገኘን፤ ከፊቱ ግን ኤል-ቲ (ለቀላል የጭነት መኪና የተሠራ ማለት ነው) የሚል ፊደል አለበት፣ የጭነት ቁጥሩ 123/120፣ ባለ 10 ፕላይ። 123ቱ ለነጠላ እግር ነው፣ 120ው ጎማ ጥንድ ሆኖ ለሚገጠምበት። ባለ 10 ሲባል አሥር ድርብርብ አለው ማለት እንዳልሆነም እዚያው ተማርኩ፤ የጥንካሬ ደረጃ ስም ነው። ልኩ ያው፣ መልኩ ያው፣ ልዩነቱ በአንድ ጎማ 300 ኪሎ! ዋጋውን አልጽፍም፣ ነገ ሌላ ነው።

እኔ ሁለት ብቻ ልገዛ ነበር፣ ለኋላ። ጋሼ ለሁለቱም እግር አንድ ዓይነት ይሁን አሉ፤ አንዱ ግትር ሌላው ልል ከሆነ መሪው ላይ ይታወቃል። አራት ገዛሁ። የፊቶቹ አሮጌ ጎማዎች ዕድሜያቸው ደህና ስለነበር የተሻለው ስኮርታ ሆነ። የፈነዳውን ሰፈር ያሉ ልጆች ለበረባሶ ሊወስዱት መጥተው ነበር፤ ጋሼ «ሽቦ አለው፣ እግር ይቆርጣል» ብለው መለሷቸው።

አሁን ዋናው ነገር። ሲገጥሙ ወንድሜ «ያው ጠንካራ ስለሆነ 50 ይበቃዋል» አለ። ጋሼ መፍቻውን አስቀመጡና ደብተራቸውን አመጡ። ይህ ጎማ 1550 ኪሎ የሚችለው በ80 ፒኤስአይ ነው። በ65 ከሆነ 1360። በ50 ግን 1120 ብቻ! የኛ 1130 ነው፤ ያን ሁሉ ብር አውጥተን፣ በ50 ብንሄድ ጭነታችንን እንኳ አይሸፍንም። «ጭነት የሚሸከመው ነፋሱ ነው፤ ጎማው ነፋሱን የሚይዝ ከረጢት ነው» አሉ። ጠንካራ ከረጢት ገዝቶ ግማሹን ባዶ መተው የኔ ቢጤ ሰው ሥራ ነበር። ኋላውን 65 ሞሉት፣ ፊቱን 45። ለምን 80 አይሆንም ብዬ ጠየቅኩ፤ ለጭነታችን አያስፈልግም፣ መኪናዋን ታንጓጓለች፣ መሀሉን ብቻ ይበላዋል አሉኝ። ጄኔሬተሩን ፈትተን ባዶ ስንሮጥ ኋላውንም ወደ 45 እንድንመልሰው ነገሩን። ከመሙላታቸው በፊት ቸርኬው ያንን ግፊት መቻሉን ከውስጥ በኩል ያለውን ጽሁፍ አይተው አረጋገጡ፣ የላስቲክ ቫልቮላዎቹን አውጥተው በብረት ቀየሩ። ያን ያህል ግፊት ለተራው የላስቲክ ቫልቮላ የአቅሙ ጠርዝ ነው። እንዲህ ያለውን ማን ያስባል? እኔ አላስብም። የነፋስ መለኪያቸውን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚይዙት፤ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለውን «እሱ ቀልደኛ ነው» ይሉታል።

በማግስቱ ሐይቅ ላይ ሥራ ነበረን። ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

«ዳዶውን አጠበቃችሁ?»

ረስተነዋል። አዲስ ጎማ ከተገጠመ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዳዶው እንደገና መጠበቅ እንዳለበት ደሴ ላይም ኮምቦልቻም ነግረውን ነበር። ወንድሜ መፍቻ ይዞ ወረደ፤ የግራ የኋላው ሁለት ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ዞረ። ደውዬ ስነግራቸው «አብሽሪ» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ሚሌ ድረስ ሁለቴ ወርደናል። ተሳቢው አይወዛወዝም፣ ወንድሜም ስለ ጥርሱ ማንሳት ትቷል።

ጋሼን የምትፈልጉ ኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫ ላይ ጎሚስታው ጋሼ የቱ ጋ ናቸው ብትሉ የማያሳያችሁ ሰው የለም፤ ካልሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምአ ይዘጋሉ። የተጫነውን መኪና እንደተጫነ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶውን ካመጣችሁ ይመልሷችኋል። ጉርሻ አይቀበሉም፤ ቡና ግን አይጠሉም፣ በጨው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የተሳቢውን ጎማ ደብተራቸው ላይ ሲያዩት 106 ሆኖ ተገኘ፣ 950 ኪሎ። ታንኩ ሲሞላ ለእያንዳንዱ 990 ይደርሰዋል፤ ይህን ያህል ዘመን ከአቅሙ በላይ ስናስጎትተው ኖረናል። አሁን የጄኔሬተሩን ታንክ ባዶ አድርገን እየሄድን ደርሰን ነው የምንሞላው። 14 ቸርኬ ላይ የሚገጠም፣ የጭነት ቁጥሩ 109 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ ደሴም ሆነ ወልድያ ያያችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። እስካሁን አምስት አሳይቻቸው አምስቱንም ጋሼ መልሰውብኛል። የምታዩልኝ ሰዎች፣ እባካችሁ አራቱን ቁጥር ፎቶ አንሱልኝ፣ በፈረንጅ።