ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ቻርጀሩንም ላሰበልኝ ባለሙያ ምስጋና

ሰላም ወገኖች። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። የእጅ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ቻርጀርና የመሳሰሉትን የሚጠግን ባለሙያ ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ አልጽፈውም፤ ሥራውን ግን ሳልናገርለት ማለፍ አልቻልኩም።

ያችን ከጀርባዋ መሰኪያ የምታወጣ፣ ቀጥታ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትልቅ የእጅ ባትሪ መቼም ታውቋታላችሁ። እኔም አለችኝ። አካሏ ጠንካራ ነው፣ ኤልኢዲዋም ምንም አልሆነም። ድንጋይዋ ግን አልቋል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድራ ጠዋት ሲያበሯት ትንሽ ትቆይና ፍዝዝ ብላ ትጠፋለች። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ "አሮጌውን አውጥተን ሊትየም እንከትልሻለን፣ አሁኑኑ ያልቃል" ተባልኩ። ደስ አላለኝም፣ ይዣት ወጣሁ። እዚህ ስመጣ ግን ገና ሳይቀበለኝ "እህቴ፣ በምንድን ነው ቻርጅ የምታደርጊያት?" አለኝ። ስለ ድንጋይ ሳይሆን ስለ ቻርጀር መጠየቁ ያኔ ግር ብሎኝ ነበር።

በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታና ውስጧን አሳየኝ። ያለው ድንጋይ የመኪና ባትሪ የሚሠራበት ዓይነት፣ የእርሳስና የአሲድ ነው፤ ትንሽ ሳጥን የምታክል 4 ቮልት። ጎኑ ተነፍቷል፣ ሽቦው የተያያዘበት ቦታ ላይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር በቅሎበታል። ይህ ዓይነት ድንጋይ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ተጠቅመንበት ሳንሞላው ከቆየ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና ከዚያ በኋላ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። አብዛኛው የእጅ ባትሪ የሚሞተው በብዙ ሥራ ሳይሆን መሳቢያ ውስጥ ባዶውን ተረስቶ ነው አለኝ።

ቀጥሎ ያሳየኝ ነገር ነው ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ። ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ትራንስፎርመር የለውም። አንድ ካፓሲተር፣ አራት ዳዮድና ጥቂት ሬዚስተር ብቻ ናቸው። ይህ ማለት ሶኬት ላይ እንዳለች ውስጧ ያለው ሽቦና ብረት ሁሉ ከመስመሩ ኤሌክትሪክ ጋር ቀጥታ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ አካል ካላት ደግሞ እጅ ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛው ችግር፣ ይህ ቻርጀር መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ለእርሳሱ ድንጋይ እስከ 4.8 ቮልት አካባቢ መድረስ የተለመደ ነው። ሊትየም ግን 4.2 ቮልት ላይ ሞልቷል፣ ከዚያ በላይ ከተገፋ ይግላል፣ ይነፋል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩን ብቻ ቀይሮ ቻርጀሩን እንዳለ መተው ማለት መኝታ ክፍል ውስጥ እሳት መሰካት ነው። "እንዲህ አድርጌ አልሰጥሽም፣ ወይ ሁለቱንም እንቀይር ወይ እንዳለች ውሰጃት" አለኝ ቁርጥ አድርጎ። እኔ ያመንኩት እዚህ ላይ ነው።

የሠራውን ልንገራችሁ። አሮጌውን የቻርጅ ክፍል ከነመሰኪያው ነቅሎ ጣለው። በቦታው በተራ የስልክ ቻርጀር፣ በ5 ቮልት የምትሠራ፣ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የሊትየም ቻርጅ ሰሌዳ አስገባ። ይህች ሰሌዳ መጀመሪያ እስከ 1 አምፒር ድረስ እኩል እየገፋች ትሞላለች፤ ድንጋዩ 4.2 ቮልት ሲደርስ ቮልቱን እዚያው ይዛ አምፒሩን ቀስ በቀስ ትቀንሳለች፣ ጄሪካን አፉ ጋ ሊደርስ ሲል ቧንቧውን እንደምናጠበው ማለት ነው። አምፒሩ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ራሷ ታቆማለች። ከሰሌዳዋ ጋር መከላከያ አለ፤ ድንጋዩ ከመጠን በላይ እንዳይሞላም፣ ከልክ በላይ እንዳይራቆትም፣ ሽቦ ቢነካካም ይቆርጣል። ደግሞ ርካሽ የሆኑት ሰሌዳዎች ታይፕ ሲ ይኑራቸው እንጂ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አይሞሉም፣ ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ስለሚጎድሏቸው። እሱ ያሏትን መርጦ ነው ያስገባልኝ። ማን እንዲህ ያስባል?

ድንጋዩን ሲመርጥ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የተጠቀመው 18650 የሚባለውን ነው። 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ገበያ ላይ "9900 ሚሊአምፒር አወር" (ድንጋዩ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) የሚል ጽሁፍ የተለጠፈባቸው ሞልተዋል፤ ይህ ውሸት ነው። ታማኝ ፋብሪካዎች በዚህ መጠን የሚያወጧቸው በአብዛኛው ከ2000 እስከ 3600 መሃል ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ካለች ትንሽ ሚዛን ላይ አንዱን አስቀመጠ፤ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከዚያ ያንን ባለ 9900 አስቀመጠ። ሲነሳ ራሱ ቅልል ይል ነበር፣ ሚዛኑም የሚገባውን ያህል አልመታም። እኔ በእጄ ይዤ ለየሁት፤ እናንተም ስትገዙ መጀመሪያ በእጃችሁ መዝኑ።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ድንጋዮችም አሉት። አሮጌ መሆናቸውን ሳይደብቅ ነግሮኛል፣ በመሣሪያ ሞልቶና አራግፎ ስንት እንደቀራቸው እየጻፈባቸው ነው የሚያስቀምጣቸው። እኔ አዲሱን መረጥኩ፤ እያንዳንዱ 2500 የሆኑ ሁለት፣ ጎን ለጎን የተያያዙ። ከማያያዙ በፊት የሁለቱን ቮልት በመልቲሜትር ለካ። አንዱ ከፍ ያለ ስለነበር ዝቅ ያለውን እየሞላ እኩል እስኪሆኑ ጠበቀ፣ አለበለዚያ የሞላው ወደ ጎደለው በአንዴ ይገለበጥበታል። ድንጋዩ ላይ ቀጥታ በካውያ አልበየደም፣ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። በቀጭን የኒኬል ቁራጭ፣ በነጥብ ብየዳ ነው ያያያዘው። በፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያም የወረቀት ቀለበት ለጠፈ። ማንም የማያየው ቦታ ላይ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ይባረክ።

ሌላም አለ። የወንድሜን ትንሿን የእጅ ባትሪ፣ በተራ ትንንሽ ድንጋይ የምትሠራዋን፣ "እሷንም ሊትየም አድርግልኝ" ብዬ ሰጥቼው ነበር። እምቢ አለ። ቁመቱና ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ ሊትየም አለ፣ ግን ተራው 1.5 ቮልት፣ ሊትየሙ 3.7 ነው፤ ለእሱ ተብሎ ያልተሠራ ባትሪ ውስጥ ቢገባ ኤልኢዲውን ወይም የሚነዳውን ሰሌዳ ያቃጥለዋል። "ጥሩ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለውን ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ግዢለት፣ እያንዳንዱን ለብቻው የሚሞላ ቻርጀር ጨምሪበት፣ እኔ እዚህ ላይ የምሠራው ነገር የለም" አለኝ። ከዚያ ዝገት የያዘውን ጫፍ አጽድቶ መለሰልኝ። ምንም አልተቀበለኝም።

አሁን የእኔዋ እንዴት ናት? ወዲያው ነው ቦግ የምትለው፣ ብዙም ትቆያለች። ክብደቷ ቀንሷል። ከባዶ እስክትሞላ ከአምስት ሰዓት በላይ ትፈልጋለች፤ ድምሩ 5000 ሆኖ በ1 አምፒር ሲሞላ ይህ የሚጠበቅ ነው። አንድ የተለየ ነገር፣ ስታልቅ እንደድሮው ለረጅም ጊዜ እያንቀላፋች አትቆይም፣ መከላከያው ሲቆርጣት ድንገት ጭልም ነው። ይህን ቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም፤ ፈዘዝ ማለት ስትጀምር እሰካታለሁ፣ ሊትየም ባዶ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልገውም። ለረጅም ጊዜ የማልጠቀምባት ከሆነ ግማሽ አካባቢ ሞልቼ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ እንዳስቀምጣት ነግሮኛል። አልጋ ላይ ወይም ጨርቅ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ የለም። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜም አይሞላም። ድንጋዩ ከተነፋ ወይም ከሸተተ ነገሩ አበቃ፣ ዳግም አይሰካም።

እውነቱን ለመናገር ፈጣን አይደለም። ሥራ ይደራረብበታል፣ ደግሞ ሞክሮ ሳያሳድር አይሰጥም። መሰኪያው የነበረበትን ቀዳዳ የደፈነበት ፕላስቲክም ቀለሙ ከአካሏ ጋር አይሄድም። ለውበት የሚጨነቅ ካለ ይህን ይወቅ። እኔን ግን አላስጨነቀኝም፤ ልጆች የሚነኳት ዕቃ ስለሆነች የውስጧ ደህንነት ይበልጥብኛል።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እጅህ ይባረክ። ሳልጠይቅህ ሁሉን አስረድተኸኛል፣ "አይሆንም" ማለት ባለብህ ቦታም "አይሆንም" ብለሃል። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አውሩኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ድንጋዩን ብቻ ነቅላችሁ አትውሰዱ፣ የእጅ ባትሪዋን ከነሙሉ ዕቃዋ ያዙ። የእርሳሱን አሮጌ ድንጋይም ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥሉት፣ ለእሱ ስጡት፣ ለሚሰበስቡት ሰዎች ያስረክበዋል።