ጥይት በእጅ መሙላት መማር ለምትፈልጉ የኮሎራዶ አዳኞች፦ ጋሼ ዘንድ ሂዱ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይጨምርልዎ።

ስማቸው አደባባይ እንዳይወጣ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በዴንቨርና በኦሮራ ያላችሁ፣ በኦክቶበር ለኤልክና ለአጋዘን ተራራ የምትወጡ ወገኖች፣ ጥይት በእጅ መሙላት (የተተኮሰ ቀለህ ላይ አዲስ እሳት ጫሪ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር መልሶ ማስገባት) ልትጀምሩ ካሰባችሁ ሌላ በር አታንኳኩ።

ቅሬታውን አስቀድሜ ልወጣው። «በእጅ የተሞላ ነው፣ የፋብሪካውን ያስንቃል» ተብሎ ሰርቲ-ኦት-ሲክስ (.30-06) የሚባለውን የጠመንጃ ጥይት 60 ገዛን። ሻጩንም ቦታውንም አልጠራም። ካርቶኑ ላይ የባሩዱ ዓይነት የለ፣ ክብደቱ የለ፣ የተሞላበት ቀን የለ። ያኔውኑ መመለስ ነበረበት። 100 ያርድ ላይ አምስት ሲተኮስ ምቱ ኢላማው ላይ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ተበተነ፤ ከዳር እስከ ዳር አምስት ኢንች። መዝጊያው በመዳፍ ካልተመታ አይከፈትም። ሻጩ ሲጠየቅ «ጥይቱ ምንም አልሆነም፣ ጠመንጃህን አስመርምር» አለ። ጠመንጃ የሚጠግነው ደግሞ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ፈትቶ መልሶ አሰረና ሒሳቡን ተቀበለ። ምን ዓይነት ጥይት እንደተተኮሰበት እንኳ አልጠየቀም። ከሁለቱ አንዳቸው ባዶውን ቀለህ አንስተው ቢያዩት ኖሮ ነገሩ በደቂቃ ይለይ ነበር። ማንም አላነሳውም።

ጋሼ አነሱት።

የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አቃኑና ጫፏን እንደ መንጠቆ አጠፏት። ቀለሁ ውስጥ አስገብተው ከቂጡ ወደ አፉ ግድግዳውን እየዳበሱ ሲስቡ ሽቦዋ አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረጋት። «እንካ፣ በራስህ እጅ ስማው» ብለው ሰጡኝ። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በዓይን የማይታይ ጎድጓዳ መስመር በውስጥ ዞሯል። በውጭ በኩል እዚያው ትይዩ የሚያበራ ቀለበት አለ። ያ ቀለህ ለሁለት ሊበጠስ የተቃረበ ነበር።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዱን። ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጥና የጠመንጃውን ጎሬ (ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን ክፍል) ልክ ይይዛል። እንደገና ለመሙላት ዳይ በሚባለው የብረት ቅርጽ ይጨመቃል። ዳዩ ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ከገባ የቀለሁን ትከሻ (ወደ አፉ የሚጠብበትን ተዳፋት) ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ጥይቱም ጎሬው ውስጥ ላልቶ ይቀመጣል። ሲተኮስ የፊቱ ግማሽ ከጎሬው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ቂጡ ወደ መዝጊያው ይሸሻል፣ በመሐል ያለው ናስ ይሳሳል። ይህ ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም ቀለሁ ይበጠስና የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በራሳችሁ ጠመንጃ የተተኮሰውን ቀለህ ትከሻ ካሊፐር በሚባለው መለኪያና በላዩ በሚገጠመው ቀለበት ለክታችሁ፣ ዳዩን ከዚያ ልክ 0.002 ኢንች ብቻ ወደ ኋላ እንዲገፋ ማስተካከል ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይህችን ሁለት ሺሕኛ ኢንች እንደ ቀልድ አያዩዋትም።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው የቀሩትን 55 ጥይቶች አንድ በአንድ ፈቷቸው። ባሩዱን እየለዩ መዘኑ፤ በትንሹና በትልቁ መካከል የ1.8 ግሬን (ባሩድና አረር የሚመዘንበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) ልዩነት ወጣ። ቀለሁ የአራት ፋብሪካ ድብልቅ ነው። የግድግዳው ውፍረት ስለሚለያይ ያው ባሩድ በአንዱ ውስጥ ሰፍቶት በሌላው ይጠበዋል፣ ግፊቱም አብሮ ይለዋወጣል። 11ዱ ደግሞ ቁመታቸው ለሰርቲ-ኦት-ሲክስ ከተፈቀደው 2.494 ኢንች በልጧል። ቀለህ በተተኮሰና በተጨመቀ ቁጥር ይረዝማል። ካልተቆረጠ አፉ ጎሬው መጨረሻ ላይ ይቆነጠጥና አረሩን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ያኔ ግፊቱ በድንገት ይንራል። የመዝጊያው መጥበቅ ከዚህ ነበር። ስሙ የማይታወቀውን ባሩድ ጓሮ ሣር ላይ አሳስተው በተኑት፣ ቀለሁን ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሞላው በፒንሳ ጨፈለቁት። ሂሳብ ስንጠይቃቸው «ፊታችሁ ተርፏል፣ ይበቃኛል» አሉ። ሌላው ቦታ ግን ላልተሠራ ሥራ ተከፍሏል።

ጋሼ ጥይት አይሸጡም፤ ይህን ለይታችሁ ያዙልኝ። ጥይት ሞልቶ መነገድ የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል። እሳቸው የሚያስተምሩት ለራሳችሁ ጠመንጃ፣ በራሳችሁ እጅ እንድትሞሉ ነው። የባሩድ መጠንም ከአፋቸው አይወጣም። «መጽሐፉን ክፈት» ነው መልሳቸው። ባሩድና አረር አምራቾቹ ካሳተሙት መጽሐፍ ጣሪያው ይወሰድና ከእሱ አሥር በመቶ ዝቅ ተብሎ ይጀመራል፤ በግማሽ ግሬን እየተወጣ መዝጊያው ከበድ ባለበት ወይም ቂጡ ላይ የሚያበራ ምልክት በታየበት ቦታ ይቆማል። ፕራይመሩ፣ አረሩ ወይም ቀለሁ ከተቀየረ እንደገና ከታች ነው።

ጠረጴዛቸው ላይ የሚቀመጠው አንድ የባሩድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ተቆልፎ ይቆያል። የተረፈው እዚያው ወደ ራሱ ዕቃ ይመለሳል። ኤሌክትሪክ ሚዛኑ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይበራል፣ በመሞከሪያ ክብደት ይፈተሻል፣ ማራገቢያ ይጠፋል፣ ስልክ ከክፍሉ ይወጣል። ሚዛን ቀስ እያለ የሚሸሸው በእነዚህ ነው። 50ው ቀለህ ተሞልቶ ሲደረደር አረር ከመግባቱ በፊት በባትሪ መብራት ከላይ ይታያል፤ እጥፍ የገባበት ወይም ባዶ የቀረ ካለ እዚያ ይያዛል። ምግብና ቡና ወደ ክፍሉ አይገቡም፤ ፕራይመር ውስጥ እርሳስ ስላለ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። መነጽር ከዓይን አይወልቅም።

ቅባቱን ራሳቸው ጣት ይዘው ነው የሚያሳዩት። ሲያንስ ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ይነክስና አይወጣም፤ ሲበዛ ትከሻው ይሰረጎዳል። ከተጨመቀ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ይጠረጋል፤ የገዛናቸው ላይ ቅባቱ እንዳለ ነበር። ቅባት ያለበት ቀለህ የጎሬውን ግድግዳ ስለማይዝ ሸክሙ ሁሉ መዝጊያው ላይ ይወድቃል። ፕራይመሩ ከቂጡ ገጽ ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ገባ ይላል። ወጣ ካለ የመርፌው የመጀመሪያ ምት ወደ ውስጥ ሲገፋው ኃይሉ ያልቅና አይተኩስም፤ በራሱ በሚያቀባብል ጠመንጃ ደግሞ መዝጊያው ሲመለስ ሳይታሰብ ሊፈነዳ ይችላል። ኤም ዋን የሚባለው በራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ያላችሁ ይህችን አጥብቃችሁ ያዟት። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ የያዘው ኤም ዋን የሚተኩሰው ያው ሰርቲ-ኦት-ሲክስ ነው፤ ጋሼም ስለዚህ ጥይት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

የአረሩን ጥልቀት በተመለከተ ብዙ ሰው «አረሩ ጥምዙን (አፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጠምዛዛ መስመር) በነካ ቁጥር ትክክል ይመታል» ሲል ትሰማላችሁ። ለአደን ጋሼ አይፈቅዱም። አረሩ የአፈሙዙን ጥምዝ ከነካ ግፊት ይጨምራል። ከዚያም በላይ፣ ሳይተኮስ ጥይቱን ስታወጡ አረሩ እዚያው ተሰንቅሮ ይቀርና ባሩዱ መዝጊያው ውስጥ ይፈስሳል። ተራራ ላይ፣ በበረዶ፣ ኤልኩ እያየህ ያ ቢደርስ የዓመቱ አደን አበቃ። ከጥምዙ ቢያንስ 0.020 ኢንች ያርቁታል፣ የጠመንጃው ጥይት መያዣ ውስጥ በቀላሉ መግባቱን ያያሉ። አረሩም የሚከፈተው ዓይነት ነው፤ የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬን የሚመዝን፣ ሥጋ ውስጥ የሚሰፋ አረር ይጠይቃል።

ውጤቱን ደግሞ በሦስት ጥይት አይቀበሉም። ሦስት ጥይት በዕድልም ይገጥማል። አምስት፣ አፈሙዙ እየቀዘቀዘ፣ በሁለት የተለያየ ቀን፣ አንደኛው በብርድ ማለዳ። አንዳንድ ባሩድ በበጋ ሙቀት ግፊቱ ስለሚወጣና በብርድ ስለሚወርድ በጁላይ የተስተካከለው በኦክቶበር ተራራ ላይ ቦታውን ሊለቅ ይችላል። አምስት ኢንች ይበትን የነበረው ያው ጠመንጃ፣ መነጽሩ ሳይነካ፣ አሁን 100 ያርድ ላይ አምስቱን ከአንድ ኢንች ብዙም በማይበልጥ ስፋት ያሳርፋል። ጠመንጃው ጤነኛ ነበር!

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ርካሽ ነው ተብላችሁ ስም የሌለው ጥይት አታቀባብሉ። ዕውቀቱ ያለው ሰው እዚሁ መሐላችን አለ፤ ታጋሽ ነው፣ ጥያቄ አይሰለቸውም፣ ያልገባውን አያሳፍርም። ጋሼ ዘንድ ሂዱ።

በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ስትመጡ ጠመንጃውን ቤት ተዉት። በራሳችሁ ጠመንጃ የተተኮሱ፣ የአንድ ፋብሪካ 20 ቀለሆች ሳታጥቡ ይዛችሁ ኑ፤ ጥላሸቱና ጭረቱ ስለ ጎሬው የሚነግራቸው ነገር አለ። የአምራቹን መጽሐፍ አዲሱን እትም ግዙ። ፕሬስ (ቀለሁን ዳዩ ውስጥ የሚገፋው መጭመቂያ)፣ ዳይና ባሩድ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጠብቁ፤ መጀመሪያ ቀለሆቹን እሳቸው ይዩአቸው።