600 ሲሲ ስፖርት ሞተር ከወራት በኋላ፦ ወድጄዋለሁ፣ ለጀማሪ ግን አልመክርም

ይህን ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። 600 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር የጃፓን ስፖርት ሞተር፤ ነዳጁ ተሞልቶ 190 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ 118 የፈረስ ጉልበት አለው። የፋብሪካውን ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። ከታች የምጽፈው በዚህ ምድብ ላሉት ሁሉ ስለሚሠራ "የኔ እንኳን ሌላ ነው" የሚል ሰበብ እንዳይኖር። ከዚህ በፊት ዓመታት የነዳሁት 150 ሲሲ፣ ቀጥሎም 300 ሲሲ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ሞተሩን እወደዋለሁ፣ አልሸጠውም፤ ጀማሪ ግን በነጻ ቢሰጠው እንኳን ባይቀበል ይሻለዋል።

የወደድኩለትን ላስቀድም። ጥሩ አስፋልት ያለው ኩርባ ላይ ሲተኛ የሚሰጠው እምነት ከዚህ በፊት በነዳሁት ሞተር ሁሉ አላየሁትም። የፊት ጎማው መሬቱን ምን ያህል እንደያዘ በመዳፍ ይታወቃል። ማርሹ ጫማ ጫፍ ሲነካው ይገባል። በደቂቃ ከ9 ሺህ ዙር በላይ ሲወጣ ስለሚያሰማው ድምፅ መጻፍ ከጀመርኩ ሌላው ነገር ይቀራል፣ ስለዚህ ልለፈው። የማልወድለትም አለ። መንገድ ሲጨናነቅ ራዲያተሩ የሚተፋው ትኩስ አየር በቀጥታ ጭን ላይ ያርፋል። ስፖኪዮው ከኋላ ከሚመጣው መኪና ይልቅ የገዛ ክርኔን ያሳየኛል። የኋላ ጎማው ለስላሳ ስለሆነ በትንሹ ሞተሬ ከለመድኩት ቀድሞ ያልቃል። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ተብሎ የተሠራችው መቀመጫ ደግሞ ለወግ ያህል ናት፤ ባለቤቴ አንዴ ወጥታባት በቃኝ ብላለች። እነዚህ ሁሉ ባለቤቱ የሚችላቸው ጣጣዎች ናቸው። ጀማሪን የሚጎዳው ሌላ ነው።

ስፖርት ሞተር ለጀማሪ አይሆንም ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያም "እኔ እንደዛ አልነዳም" ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። እኔ በነዚህ ወራት የታዘብኩት ግን ሞተሩ ልምድ የሌለውን ሰው የሚፈትነው በሰዓት ከ10 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ላይ መሆኑን ነው። ጀማሪ መማር ያለበት ነገር ሁሉ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው፤ ይህ ሞተር ደግሞ ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም።

መዞርን እንውሰድ። መሪው በሁለቱም በኩል የሚታጠፈው ጥቂት ነው። ተራ ሞተር በአንድ ዙር የሚመለስበት መንገድ ላይ ይሄኛው ወደፊት ወደኋላ ያስብላል። እስከ መጨረሻ ሲታጠፍ አውራ ጣት በመሪውና በነዳጅ ታንኩ መካከል ይጣበቃል። ፍሪሲዮን የያዘው እጅ በዚያች ቅጽበት እንደልቡ ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩ ይጠፋል፤ አዘንብሎ እየዞረ ያለ ሞተር ሲጠፋ 190 ኪሎው በአንድ እግር ላይ ይመጣል። መቀመጫው 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው መሬት የሚነካው በጣቶቹ ነው። በዚህ ላይ አንደኛ ማርሽ ረጅም ነው፤ ብቻውን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በእግረኛ ፍጥነት ለመሄድ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዞ ማንሸራተት ግድ ነው። እኔ ይህን ሳላስበው የማደርገው በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ስለለመድኩት ነው። እዚሁ ላይ ልማር የሚል ሰው በየመታጠፊያው ሞተር ከመሬት ሲያነሳ ይውላል፣ በወደቀ ቁጥር የሚሰነጠቀው የፕላስቲክ ሽፋን ደግሞ እንደ ሌላው ሞተር እጀታ ቀይሮ የሚያልፉት ወጪ አይደለም።

ስለ ጉልበቱ ትንሽ ስሌት ላስገባ። 1,200 ኪሎ የሚመዝንና 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤት መኪና ብንወስድ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 12 ኪሎ ይደርሰዋል። የኔ ሞተር 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተቀምጦበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2 ኪሎ ከሩብ አይሞላም። ይህን ጉልበት የሚያዝዘው የቀኝ እጅ የጋዝ መያዣ ከዳር እስከ ዳር የሚዞረው ሩብ ዙር ገደማ ብቻ ነው። በመኪና ፔዳል ላይ እግር ጥቂት ቢሳሳት ማንም አያውቅም፤ እዚህ ግን የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ወዲያው በደረት ይታወቃል።

የእህቴ ልጅ 125 ሲሲ ለጥቂት ወራት ነድቶ "ጋሼ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ እንዲያው ልሞክረው" ይለኝ ጀመር። ሞተሩን በኋላ ማቆሚያው ላይ አቁሜ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አስነስቼ አስቀመጥኩትና የዙር ቆጣሪውን 3 ሺህ ላይ ብቻ እንዲያቆምልኝ ጠየቅኩት። ቆጣሪው ከ2 ሺህ ወደ 5 ሺህ፣ ከዚያም ተመልሶ ይዋዥቃል፤ ልጁ ትንፋሹን ውጦ እየሞከረ ነው። ትንሽ ሲረጋለት የጃኬቱን ጀርባ ድንገት ሳብ አደረግኩት። ሰውነቱ ወደኋላ ሲሄድ እጁ መያዣውን አልለቀቀም፣ አንጓው ወደታች ወረደ፣ ሞተሩ ጮኸ። "ማርሽ ውስጥ ቢሆን ኖሮስ?" ብሎ የጠየቀኝ ራሱ ነው።

"ቀስ ብዬ እነዳዋለሁ" የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቀስ ማለት የሚቻለው እጅ ሲታዘዝ ነው። ጀማሪ ጉድጓድ ሲያገኘው፣ ፍሪሲዮን ቶሎ ሲለቅበት ወይም ውሻ ሲያስደነግጠው ሰውነቱ ወደኋላ ይንሸራተታል። እንዳይወድቅ የሚይዘው ደግሞ መያዣውን ነው፤ መያዣው ነዳጅ ይጨምራል፣ የጨመረው ነዳጅ ይበልጥ ወደኋላ ይጥለዋል። በ150 ሲሲ ይህ ቢበዛ የሚያሳፍር ዝላይ ነው። እዚህ የፊት ጎማ ከመሬት ይነሳል፣ ወይም ሰውየው ጣቱን ለማላቀቅ አስቦ ሳይጨርስ መንገዱ ያልቃል። ጠባየ መልካም፣ ጨዋ፣ ጥንቁቅ መሆን ከዚህ አያድንም። የሚያድነው በሺህ ጊዜ መደጋገም የመጣ የእጅ ልማድ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ጀማሪ ጋ የለም።

የ600 ሲሲ ሌላው ጠባይ ጨዋ መስሎ መቅረቡ ነው። ከ6 ሺህ ዙር በታች ሲነዳ ለስላሳ ነው፣ እንዲያውም ደካማ ይመስላል። አዲስ ገዢ ሁለት ሳምንት እዚያ ውስጥ ይነዳና "ኧረ ምንም አይልም፣ አስፈራርተውኝ ነው" ይላል። ጉልበቱ ያለው ግን ላይ ነው፤ የዚህ ምድብ ሞተሮች ሙሉ ጉልበታቸውን የሚያወጡት ከ13 ሺህ ዙር በላይ ነው። መኪና ለመቅደም ማርሽ ቀንሶ ሲከፍተው 9 ሺህን ያልፍና ሌላ ሞተር ይሆንበታል። 1000 ሲሲዎቹ በዚህ በኩል እንኳን ግልጽ ናቸው፤ ከታች ጀምሮ ጉልበታቸውን አይደብቁም። ያማሃ አር1 እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ 150 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነበር ዓለምን ያስደነገጠው፤ ዛሬ በዚያ ምድብ 200 ብርቅ አይደለም።

ፍሬኑም እንዲሁ ነው። ከፊት ሁለት ትልልቅ ዲስኮች አሉ፤ ለሁለት ጣት የተሠሩ ናቸው። እኔ ስይዘው መጀመሪያ ጣቶቼን ላስታውሰው ያህል አሳርፋለሁ፣ የፊት አሞርዛተር ዝቅ ሲል ክብደቱ ወደፊት ጎማ መጣ ማለት ነው፣ ከዚያ ነው የማጠብቀው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል፣ ግን ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። የደነገጠ ጀማሪ በአራት ጣቱ ጨምድዶ ይይዛል። ክብደቱ ገና ወደፊት ሳይመጣ ጎማው ይቆለፋል፣ ሞተሩም ይወድቃል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ያለው ሞተር ቀጥ ብሎ እየሄደ ከሆነ ከዚህ ያድናል፣ ስለዚህ ያለ ኤቢኤስ ስፖርት ሞተር ግዙ ብዬ ለማንም አልመክርም። ኩርባ ላይ ተኝቶ ፍሬን ለሚይዝ ግን ተራው ኤቢኤስ መፍትሔ አይሆንም፤ የማዘንበሉን መጠን የሚለካው ዓይነት ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን፣ አሁን ጎማ እንዳይንሸራተትና ፊት እንዳይነሳ የሚቆጣጠሩት ኮምፒውተሮችም ቢሆኑ፣ ሰውየው ወዴት እንደሚያይ አይወስኑለትም። ጀማሪ የሚፈራውን ነገር አፍጥጦ ያያል፣ ሞተር ደግሞ ዓይን ወዳየበት ይሄዳል።

አቀማመጡ ያላሰብኩትን ነገር አሳይቶኛል። መሪው ዝቅ ያለ ስለሆነ የላይኛው ሰውነት ክብደት በአንጓ ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱ በጉልበት ታንኩን ጨብጦ በሆድና በወገብ ራስን መያዝ ነው፣ እጅ እንደላላ እንዲቀር። ምክንያቱም ሞተር በፍጥነት ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የቀኙን መያዣ ወደፊት በመግፋት ነው፤ በሁለት እጁ ተደግፎ የደረቀ ሰው በአንዱ መግፋት አይችልም። ጀማሪ ደግሞ ፈርቶ ስለሚደርቅ ኩርባው ሲጠብበት ሞተሩ አልታጠፍ ያለው ይመስለዋል። ሞተሩ ከዚያ በላይ መተኛት ይችላል፤ የከለከለው የራሱ ክንድ ነው። ፍጥነትም አይሰማም። 110 ላይ ስሄድ በትንሹ ሞተሬ 70 የመሄድ ያህል ነው የሚመስለኝ፣ ንፋሱ አያስጨንቅም፣ ሞተሩ አይንቀጠቀጥም። በ110 ግን አንድ ሰከንድ 30 ሜትር ተኩል ይወስዳል።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ያውቁታል። በአውሮፓ ኅብረት ኤ2 የሚባለው መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው እስከ 35 ኪሎዋት፣ ማለትም 47 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው፤ ጉልበቱ ታፍኖ የሚቀነስ ሞተርም ቢሆን መነሻው ከ70 ኪሎዋት መብለጥ የለበትም። የኔው ዓይነት ወደ 87 ኪሎዋት ስለሚጠጋ ቢታፈን እንኳን አይገባም። አውስትራሊያ ለለማጆች የምትፈቅደው እስከ 660 ሲሲ ሆኖ በቶን ከ150 ኪሎዋት የማይበልጠውን ነው፣ ሲሲ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ስለገባቸው ይመስለኛል። በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የመንገድ ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ በ2005 ከተመዘገቡት በየ10 ሺህ የዚህ ምድብ ሞተሮች 22.5 ነጂዎች ሞተዋል፤ በተራዎቹና ዝቅ ያለ መቀመጫ ባላቸው ክሩዘሮች ቁጥሩ 5.7 ነበር። እርግጥ ስፖርት ሞተር የሚገዛው በብዛት ወጣት ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ በብረቱ ላይ መጫን አይገባም። ግን ወጣትነትና ይህ ብረት መገናኘታቸው አይደል ወይ የምንነጋገርበት?

ታዲያ በምን ይጀመር? ከ250 እስከ 400 ሲሲ ባለው። ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ክብደቱ 168 ኪሎ ነው፣ 45 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ያማሃ አር3 በ321 ሲሲ 42 አካባቢ አለው። ሁለቱም ከአብዛኛው የቤት መኪና ፈጥነው ይነሳሉ፣ መልካቸውም የስፖርት ነው። "ቶሎ ይሰለቸኛል፣ አንዴ ትልቁን ገዝቼ ልገላገል" የሚለውን ደጋግሜ እሰማለሁ። የኔ ልምድ ተቃራኒውን ነው የሚለው። 300ውን ስነዳ ጋዙን እስከ መጨረሻ እከፍት ነበር፣ ኩርባ ላይ ፍጥነት ካባከንኩ መልሶ የሚያመጣልኝ ጉልበት ስለሌለ መስመር መምረጥ፣ ፍሬን በጊዜ መልቀቅ፣ ዓይን አርቆ መላክ የተማርኩት በዚያ ነው። 600ው ላይ የተበላሸ ኩርባ ሁሉ ከወጡ በኋላ በጋዝ ይሸፈናል፤ ሰው ሳይሻሻል ፈጣን ሆኖ ይኖራል።

ልምድ ኖሯችሁ ያገለገለ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ምድብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የተነዳ ሞተር ብዙ ይገኛል፣ ሻጩም ይህንኑ እንደ ክብር ያነሳዋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሞተሩ አድርጎ የገዛው ሰው ፈርቶ ያቆመው ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎችን ጫፍ፣ የእግር ማሳረፊያውን ጫፍና የሞተሩን የጎን ክዳን ተመልከቱ፤ በአንድ በኩል ብቻ ትንሽ ጭረት ካለ ቆሞ ወይም ሲዞር የወደቀ ነው፣ ያን ያህል አያሳስብም። የኋላ ጎማው መሐሉ አልቆ ዳርና ዳሩ አዲስ ከሆነ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻ ሲከፈት እንደኖረ ይነግራችኋል። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አጥፉና ከሻሲው ላይ የሚያቆመውን ትንሽ ብረት በባትሪ እዩት። ተጣሞ ወይም ተሸርፎ ከሆነ ሞተሩ የወደቀው እየሄደ ነው፤ ዋጋ መከራከር ሳትጀምሩ እዚያው ተዉት።